ለአልበሜ የተተከለ ድንኳን

ሚስቴ እኔ ከተጫወትኳቸው ዘፈኖች አንዱንም እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። እንደ ልማዴ እያጋነንኩ የሚመስለው ሰው ካለ ራሷን ይጠይቃት፤ ከእኔ አብልጣ ትነግረዋለች። ከተጋባን ጀምሮ የደረሰችበት ሩቅ ቦታ የአንድ ዘፈን ሁለተኛ አዝማች ነው። እዚያም የደረሰችው አንድ እግር ጫማዋ ወንበር ስር ገብቶባት ስትፈልግ ነው። ጫማው ሲገኝ ወጣች።

አልፈርድባትም። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ እዚሁ ካምፓላ ውስጥ ሄቪ ሜታል የምጫወት ሰው ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ናካዋ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ጥቁር ለብሼ ጊታሬን ይዤ እወጣለሁ። ባንዳችን አራት ሰው ነው። ከበሮ መቺያችን ቡጎሎቢ ሰፈር ኬክ ቤት ያለው ኡጋንዳዊ ነው። በር የሚያክል ሰውዬ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሙሽሮች ከስኳር ጽጌረዳ ሲሠራ ይውልና ቅዳሜ ከበሮውን የሚመታው አባቱን የገደለበት ይመስል ነው። ዘፋኛችን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፤ ሲዘፍን ጉድጓድ የገባ በሬ ይመስላል፤ እንደዚያ ስለው ደስ ይለዋል። ቤዝ የሚመታው ልጅ ዝምተኛ ስለሆነ ስለሱ የማውቀው ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ካባላጋላ አንድ መጠጥ ቤት ስንጫወት ጣሪያው ላይ የቆሙት ካሮሊዎች በረሩ። ካሮሊ ማለት ያ የካምፓላን ቆሻሻ የሚጠብቅ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው። ድንጋይ ቢወረውሩበት አይነሳም፣ ጥይት ቢተኩሱበት ዞር ብሎ ያያል። እኛ ስንጀምር ግን ተነሡ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ ታንዛኒያ ናቸው ይባላል።

በዚህ ላይ ሚስቴ እኛው ሰፈር ኪሱጉ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። የእኔ ፀጉር ከኋላ ትከሻዬ ላይ ይወርዳል፤ ከላይ ግን ጥሎኝ ከሄደ ቆይቷል። ሳሎኑ ውስጥ ስገባ ደንበኞቿ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ ያዞራሉ። «እህቴ፣ ባልሽ በዚህ በር ባይገባ ይሻልሻል፤ ሥራሽን ያበላሸዋል» ብላ በግልጽ የመከረቻት አለች። ምግብ ቤት ያላት የልብ ጓደኛዋ ናት ይህን ያለችው። ለእኔም ደግማ ነግራኛለች፤ ሰው አትፈራም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ሐበሻ ሠርግ ላይ ነው። አንድ ወጣት ኪቦርዱን ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ የሆነ ቀስ ያለ ዘፈን ጀመረ። ሰውዬው በአንድ ጣት ነው የሚጫወተው፣ ሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሚስቴ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ክትፎ ፊቷ ቀርቦ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ክትፎው ቀዘቀዘ። እኔ ይህቺ ሴት ክትፎ ስታቀዘቅዝ አይቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ወደድሽው?»

«ማንን?»

«ዘፈኑን ነዋ!»

«ደስ ይላል። ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራሽ ነው የሚመስለው።»

«የእኛስ?»

ትንሽ አሰበች። «የእናንተ ጎማ የፈነዳ ነው የሚመስለው» አለች። ቀጥላም፣ «ቁልቁለት ላይ» ብላ ጨመረችበት።

የዚያን ዕለት ወሰንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሥራዬን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቁጭ ብላ እንድትሰማ። ከዚያ ወዲያ ብትፈልግ ፍርድ ቤት ትክሰሰኝ።

በእኛ ሙያ አንድ ሙዚቀኛ ከባንዱ ውጭ ለብቻው የሚሠራውን ሥራ ሳይድ ፕሮጀክት ይሉታል። የሜታል ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይይዘዋል፤ እንደ ሪህ ዕድሜ ሲገፋ የሚመጣ ነገር ነው። ሄጄ ለከበሮ መቺው ነገርኩት። የሙሽራ ኬክ ላይ ጎንበስ ብሎ ቅጠል እየለጠፈ ነበር።

«አልበም ልሠራ ነው። ለብቻዬ» አልኩት።

የስኳሩን ቅጠል አስቀመጠ። «ልትለቀን ነው?»

«ኧረ! ሳይድ ፕሮጀክት ነው።»

«ምን ዓይነት?»

«ቀስ ያለ።»

«ምን ያህል ቀስ ያለ?»

«ዲስቶርሽን የለውም።»

ዲስቶርሽን ማለት ጊታሩን እንደ ድንጋይ መፍጫ የሚያስጮኸው ነገር ነው፤ ያለሱ ሜታል፣ በርበሬ የሌለው ወጥ ማለት ነው። ሰውዬው ሄዶ የኬክ ቤቱን በር ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሙዜ፣ ታመሃል? ሐኪሙ ምን አለህ?»

ሙዜ የሚለኝ ሽማግሌ ለማለት ነው፤ ከእኔ የሚያንሰው ግን ቢበዛ በአንድ ክረምት ነው።

«ለሚስቴ ነው» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። «ኦ! ለሚስት ከሆነ ይሁን። እኔ ለሚስቴ ቤት ሠራሁላት። ያኛው ይቀላል።» ከዚያ የኬኩን ቅቤ የሚቀባበትን ብሩሽ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ሸ፣ ሸ፣ ሸ አደረገበት። «በዚህ ብመታውስ?»

እንደዚያ ሆነ። በአልበሜ ላይ የምትሰሙት ከበሮ በሙሉ በቅቤ ብሩሽ የተመታ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ቫኒላው ይሸታል።

የቀረጽነው ሚስቴ ሳሎን ጓዳ ውስጥ ነው። እሑድ ሳሎኑ ዝግ ነው፣ እሷም ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኩለ ቀን ሳያልፍ አትመለስም። ጓዳው ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ በሚቀጠል ፀጉር ጥቅል የተሞላ ነው፤ የቻይና አለ፣ የህንድ አለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅም አለ። በካምፓላ ከዚያ የተሻለ ድምፅ የማያስገባ ክፍል የለም። እዚያ ውስጥ ብታስነጥስ ለራስህም አይሰማህም። ከሺህ ሴቶች ፀጉር መሃል ተቀምጬ ባቲን በዝግታ ስጫወት ብታዩኝ፣ የሆነ ቃልቻ ቤት የገባችሁ ነበር የሚመስላችሁ።

ችግሩ እጄ ነው። እጄ ለስለስ ማለት አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ክሩን ነካ አደርጋለሁ ብዬ በጠስኩት። ሁለተኛውን ክር ስበጥስ ከበሮ መቺው «ሙዜ፣ ኬክ ላይ እንደምትጽፍ አድርገህ አስብ» አለኝ። ኬክ ላይ ጽፌ ባላውቅም ሞከርኩ። ጎረቤት ያለው የሮሌክስ ሻጭ፣ እዚህ ሮሌክስ የሚሉት በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ እንቁላሉን ቻፓቲው ላይ ሊጠቀልል ሲል መጥበሻውን ቀጭ ቀጭ የማድረግ ልማድ አለው። ግድግዳው ያቆመዋል ያልነው ድምፅ በጣሪያው በኩል ገባ። መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋብን አልናገርም። በሦስተኛው ዘፈን ውስጥ መጥበሻው እንዳለ ቀርቷል፤ በኋላ ያሞገሱኝ ሁሉ ያችን ቦታ ነው ያሞገሱት።

አንድ እሑድ ለጥቂት ተያዝኩ። ሚስቴ ኮቴን ልትሰቅል አንሥታ ረጅም ቡናማ ፀጉር አገኘችበት። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። የእኔዋ ባለሙያ ናት፤ ወደ መብራቱ ጠጋ ብላ በጣቷ ሳበችው፣ አሸተተችው።

«ይሄ የእኔ ዕቃ ነው። የህንዱ» አለች።

ኮቴን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ጓዳ ገብተህ ፀጉር እየለካህ ነው?»

አናቴን ዳሰስኩ። ፊቷ እንዲህ ራርቶ አይቼ አላውቅም። «ምነው ለእኔ ብትነግረኝ! ያፍራል እንዴ ሰው ከሚስቱ?» ብላ በማግስቱ ለመላጣ የሚሆን ቅባት አመጣችልኝ። ለአልበሙ ስል እየተቀባሁ ከረምኩ። አንድም ፀጉር አላበቀለም፤ ትራሴ ግን ትንሽ ፀጉር አብቅሏል።

አልበሙ አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ለሐበሻው ሁሉ ላሰማ አሰብኩ። ሰው በተሰበሰበበት እንግዳ ጥላ መውጣት ነውር ስለሆነ፣ እሷም ትቀመጣለች ብዬ ነው። «ቅዳሜ እንግዳ አለብን» ብዬ ብቻ ነገርኳት።

«ጩኸት አለ?»

«የለም።»

«ማልልኝ።»

ማልኩላት።

የማስታወቂያውን ሥዕል ከበሮ መቺው ሠራልኝ። ይህ ሰው ኬክ ላይ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ይጠቀማል፤ ለሙዚቃ ግን ከጥቁር ሌላ ቀለም መኖሩን አያምንም። መደቡ ጥቁር ነው። መሃሉ ላይ አመድ የመሰለ ፊቴ አለ፤ ዓይኔን ወደ ሩቅ ተክያለሁ። የአልበሙ ስም በሜታል ፊደል ተጽፏል፤ የሜታል ፊደል ማለት የእሾህ ክምር ነው፣ እኔ ራሴ ማንበብ አልቻልኩም። ከታች በደንብ የሚነበበው ቀኑ፣ ሰዓቱና የቤታችን አድራሻ ብቻ ነው። ጥግ ላይ አንዲት ሻማ በርታለች።

«ሻማዋ ለምንድነው?» አልኩት።

«ለስለስ ያለ አልበም ነው ብለኸኝ የለ?»

ዓርብ ማታ የካምፓላ ሐበሾች ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ምስጢር ይሁን ብዬ አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። የመጀመሪያው መልስ የሚያለቅስ ፊት ነበር። «ገና ሳይሰሙት ተነኩ!» ብዬ ደስ አለኝ። ሁለተኛው የተጋጠሙ መዳፎች ነበሩ፤ አክብሮት መሰለኝ። ሦስተኛውን ሳላይ ከግሩፑ ተባረርኩ። የሜታል ጥላቻ ነው አልኩ። ሚስቴ ከሴቶቹ ግሩፕ መባረሯን የነገረችኝም በዚያው ሰዓት ነው፤ እሱንም በእኔ የተነሣ ነው ብዬ አፈርኩና ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ። ያደርኩበትን ጥቁር ካናቴራ እንደለበስኩ፣ ደረቱ ላይ የራስ ቅል ያለበትን ማለቴ ነው፣ ሄጄ ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ የእድራችን ሊቀመንበር የሆኑት ሐጂ ቆመዋል። ወሎዬ ናቸው፣ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ካምፓላ ውስጥ እሳቸው ያልቀበሩት ሐበሻ የለም። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ የእድሩን ድንኳንና ወንበር የጫነች ፒካፕ። የሚስቴ ጓደኛ፣ ያቺ ባለ ምግብ ቤቷ፣ የንፍሮ ድስት ታቅፋ ከፊት ቆማለች።

ሐጂ አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው አዩኝ። ወደ ራስ ቅሉ አዩ። መልሰው ወደ እኔ አዩ።

«ያ አላህ! አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ሐጂ። ደኅና አደሩ?»

«በሕይወት?»

«እስካሁን።»

የኋለኞቹ መንገዱ ላይ ስላሉ አላዩኝም፤ በሩ መከፈቱን ብቻ አይተው ለቅሶውን አነሡት። እኔ ሆዬ እንዲህ የሚያምር ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አንዷ «ሳቂታው!» ትላለች፤ ሌላዋ «ጨዋታ አዋቂው! እጁ የማይታጠፍ!» ትላለች። ናካዋ የኋላ መብራት በብድር ሸጬላት ልታየኝ የማትፈልግ ሴት ነበረች፣ ከሁሉም በላይ የምታለቅሰው እሷ ናት። ላቋርጣቸው አንጀቴ አልቻለም። ትንሽ ልስማ ብዬ ዝም አልኩ።

ሚስቴ ጩኸቱን ሰምታ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች ከቤት ወጣች።

«ምንድነው? ማነው የሞተው?»

ሁሉም እኔን አየኝ። የሚስቴ ጓደኛ ድስቱን እንዳቀፈች፣ ከለመደችው ግልጽነት ሳትወጣ፣

«ባልሽ» አለቻት።

ሚስቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ።

«መቼ?» አለች።

ሐጂ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩን። ያ ጥቁር ሥዕል። በጠዋት ብርሃን ሳየው እኔም ለራሴ አዘንኩ።

«ታዲያ ምን እንበል?» አሉ ሐጂ። «ፎቶ ተለቀቀ፣ ሻማ አለ፣ ጥቁር ነው፣ ቤቱ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ስልክህን ያነሣ ሰው የላከው መሰለን።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

ሐጂ እንደ ሕፃን አዩኝ። «ለሟች ይደወላል እንዴ?»

«ለእሷስ?»

«መርዶ በስልክ? ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜህ ይሄን አታውቅም? ሰው ቤት ገብተህ፣ ደግፈህ፣ ጎህ ሲቀድ ነው እንጂ! እሷ እንዳታይ ብለን እኮ ነው ሁለታችሁንም ከግሩፑ ያወጣናችሁ። የሟች ስልክ ሚስቱ እጅ ነው።»

ይኸው፤ የተባረርኩት በክብር ነበር። መቶ ሰው ሌሊቱን በሙሉ ስለ እኔ ሞት ሲያወራ አድሮ፣ አንድም ሰው «እውነት ነው?» ብሎ እኛን አልጠየቀም። ጨዋ ሕዝብ ነው፤ ከጨዋነቱ የተነሣ ሊቀብረኝ ትንሽ ነው የቀረው።

«እንግዲህ ይቅርታ፣ ሂዱ አረፍ በሉ» ስል ፒካፑ ላይ ያሉት ጎልማሶች የድንኳኑን እንጨት ግማሹን ተክለውት ነበር። ሐጂ ጺማቸውን ዳሰሱ።

«እንዲህማ አይሆንም። ከኢንቴቤ የተነሡ ሰዎች መንገድ ላይ ናቸው። ንፍሮው ተቀቅሏል። የሰው ቤት ድረስ መጥቶ ሳይቀመጡ መመለስ ለባለቤቱም ጥሩ አይደለም። እንቀመጣለን። ለመሆኑ ይሄ ሥዕል የምን ነበር?»

«አልበም ነው ሐጂ። ሙዚቃ።»

«ያ ካሮሊ ያባረረው?»

«አይደለም፤ ይሄኛው ቀስ ያለ ነው።»

«በል እንሰማዋለን» አሉ። «ያው ለአንተ ነው የመጣነው።»

ልብ በሉ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ለቅሶ ቤት ማለት ሰው ዝም ብሎ የሚቀመጥበት፣ ስልክ የማይነካካበት፣ በመሃል ተነሥቶ የማይወጣበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ አድማጭ የትም አይገኝም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ሴቶቹ ሚስቴን ከነቢጎዲኗ ይዘው ድንኳኑ መሃል ፍራሽ ላይ አስቀምጠው፣ አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ትከሻዋን ደግፈዋታል። ባሏ የሞተባት ሴት ቦታ ላይ ናት። ልትነሣ ብላ አንዴ ሞከረች፤ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ብለው መልሰው አስቀመጧት።

ከበሮ መቺው ለከሰዓቱ ሊያዘጋጅ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። በሌላ እጁ የምርቃቱን ኬክ ይዟል፤ ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ የእኔ ፊት አለ። ድንኳኑን አየ፣ የሚያለቅሱትን አየ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«ሙዜ፣ ማን ሞተ?»

«እኔ።»

«ኬኩንስ የት ላስቀምጠው?»

ሙዚቃውን ከፈትኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስንት መድረክ ላይ ቢራ ተወርውሮብኝ ያውቃል፣ መብራት ወድቆብኝ ያውቃል፤ አልፈራሁም። አሁን ግን አንዲት ሴት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ስትሰማ ድምፅ ማጉያውን ተደግፌ ቆምኩ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀ። አልተነሣችም። ሁለተኛው ላይ ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እንባውን ይዘውት መጥተው ስላልጨረሱት ነው ብላችሁ ልትቀንሱብኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን ለሙዚቃዬ ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ሦስተኛው ላይ፣ ልክ የሮሌክሱ መጥበሻ ቀጭ ሲል፣ ከኢንቴቤ የመጣ አንድ ትልቅ ሰው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆሜ ሲያየኝ እጁ ደረቱ ላይ ቀረ። «ቁጭ በል፣ ገና አላለቀም» አሉት ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ቁጭ አለ።

የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ሚስቴ እዚያው ናት። ሰማችው። በሙሉ!

ማንም አላጨበጨበም፤ ለቅሶ ቤት አይጨበጨብም። ሴቶቹ በተራ ወደ ሚስቴ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። በምን እንዲያጸናት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ተራው ሲያልቅ ሄጄ አጠገቧ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«ምን ላድርግ፣ ይዘውኝ!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ማን ናት?» አለችኝ።

«ማን?»

«የሠራህላት ሴትዮ። ስትተክዝ የምትውለው።»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ለአንቺ ነው የሠራሁት።»

«እኔ?» ከልቧ ገረማት። «እኔ መቼ ተክዤ አውቃለሁ? እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ የሰው ኀዘን ስሰማ ነው የምውለው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠች ሁሉ ጭንቅላቷን ስትሰጠኝ ችግሯንም አብራ ነው የምትሰጠኝ። ቤቴ ስገባ ደግሞ አንተ ታስለቅሰኝ? ቆንጆ ነው። እጅህን ያብጀው፣ ቆንጆ ነው። ግን አንተ የለህበትም።»

«የዚያን ቀን ሠርጉ ላይስ ክትፎሽን ረስተሽ...»

«ክትፎው ጨው በዝቶበት ነዋ!»

እዚህ ላይ መሬት ብትከፈት ድንኳኑም ንፍሮውም ዝግጁ ነበር።

«የእኔንማ ሰምተሽው አታውቂም» አልኳት። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ።

«አልሰማሁትም። አይቼዋለሁ።»

«የት?»

«በሄዳችሁበት ሁሉ። ጆሮዬ አይችልም፤ እወጣና በመስኮቱ መስታወት በኩል አይሃለሁ። ስትጫወት ምላስህን እንደምታወጣ ታውቃለህ? ፊደል እንደሚጽፍ ልጅ። ያቺ ምላስህ እስክትገባ ቆሜ አያለሁ። ከዚያ ነው ወደ መኪናው የምሄደው።»

«ሁልጊዜ?»

«ታዲያ ማን ይነዳልሃል፣ ደክሞህ?»

ቀልድ አጥቼ የማውቀው በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፈለግኩ፤ የለም።

ሐጂ ከወዲያ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል መሰለኝ፣ «ያኛውንስ አታሰማንም? መጥተን የለ?» አሉ። ከበሮ መቺው መልስ አልጠበቀም፤ ትልቁ ከበሮው ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ከመኪናው አልወረደም ነበር፤ ሮጦ አወረደው። ሚስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ አሁን ማንም አልያዛትም። ቤት ገባች። የእንግዳ ክፍሉን መስኮት ዘጋች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ መስታወቱ ጋ መጥታ ሁለት ጆሮዋን በሁለት መዳፏ ያዘች። በአገጯ «ቀጥል» አለችኝ።

ጊታሬን አንሥቼ ዲስቶርሽኑን በእግሬ ረገጥኩት።

ስለ ድምፁ ምንም አልልም። ድንኳኑ ከአንድ ወገን ተነሣ፣ ንፍሮው ድስቱ ውስጥ ዘለለ፣ የኢንቴቤው ሰውዬ ኬኩን አቅፎ ጠረጴዛ ስር ገባ፤ የኪሱጉ ውሾች በሙሉ እስከ ናሙዎንጎ ድረስ መለሱልኝ። ዘፋኙ ስላልነበረ በሬውንም እኔው ሆንኩ። የሚስቴ ጓደኛ «ምነው ያኔ ሞቶ በነበር!» ስትል በአፏ እንቅስቃሴ አነበብኩ። እኔ ግን ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም። እዚያ ናት። ቢጎዲኗ እንደ ዘውድ አናቷ ላይ ተደርድሯል፣ ክርኖቿ ወደ ጎን ተዘርግተዋል፤ እየሳቀች ነው፤ አንዳንዴ ምላሷን አውጥታ ታሳየኛለች።

ዘፈኑ አለቀ። ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀመጠ። ግቢው ጸጥ አለ። ሚስቴ ግን ጆሮዋን እንደያዘች ነው፤ ማለቁን በምን ታውቃለች?

እጄን ከክሩ ላይ አላነሣሁም። ድምፅ ሳላወጣ ጣቶቼን ላይ ታች ማመላለሴን ቀጠልኩ፤ ፀጉሬንም ወዘወዝኩ፤ ምላሴን አላስገባሁም።

ሐጂ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ገና ነው ሐጂ» አልኳቸው፣ «ይቀመጡ።»